ሻምፓኝ ያልሆነው አረፋ፦ 5 ሺህ ገበሬ በአንድ ጠርሙስ

ቡሹ ‹‹ቧ!›› ብሎ የሚወጣ ጠርሙስ ሁሉ እኛ ሀገር ስሙ ሻምፓኝ ነው። ሠርግ ላይ የሚከፈተውም፣ ምርቃት ላይ የሚረጨውም ያው ሻምፓኝ ነው። በአውሮፓ ሕግ ከሄድን ግን በዚህ ስም መጠራት የሚችለው ፈረንሳይ ውስጥ ሻምፓኝ በሚባለው አካባቢ የተሠራው ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ሌላ ስም አለው። ዛሬ የማወራችሁ ከእነዚያ ‹‹ሌሎች›› ስለ አንዱ ነው፤ በሰሜን ጣሊያን ተራሮች መሃል ስለሚሠራው ትሬንቶ ዶክ።

ወይን ቀማሽ አይደለሁም። የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ስለዚህ ጠርሙስ ሳይ ቶሎ የሚመጣልኝ ጥያቄ ‹‹ጣዕሙ እንዴት ነው?›› ሳይሆን ‹‹ብሩ ማን ኪስ ይገባል?›› የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ነው ካቪት የሚባል የገበሬዎች ኅብረት ላይ ያደረሰኝ። ሌላም ምክንያት አለኝ። የእናቴ ወንድም ይርጋለም አካባቢ ቡና አላቸው፣ የማኅበር አባልም ናቸው። ስለ ጣሊያን ገበሬዎች ባነበብኩ ቁጥር በሐሳቤ የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

ካቪት የተመሠረተው በ1950 እ.ኤ.አ. ነው። መቀመጫው ከትሬንቶ ከተማ ጥግ ያለችው ራቪና ናት። ራሱን ሲያስተዋውቅ 11 የአካባቢ የወይን ማኅበራትን፣ ከ5 ሺህ በላይ ገበሬዎችንና ከ6 ሺህ ሄክታር በላይ የወይን ማሳን እንዳቀፈ ይናገራል። እስቲ ሄክታሩን ለገበሬው አካፍሉት። ለአንድ ሰው የሚደርሰው አንድ ሄክታር ከትንሽ ነው። ‹‹የአውሮፓ ገበሬ›› ሲባል ትልቅ ትራክተርና ዓይን የማያዳርሰው እርሻ ለሚታየን ሰዎች ይህ ቁጥር ቆም ያደርጋል። የማሳው ስፋት ከእኛ ገበሬ ማሳ ብዙም አይርቅም።

እነዚህ የአንድ ሄክታር ባለቤቶች ናቸው እንግዲህ አሜሪካ ሱፐርማርኬት ድረስ የሚሸጠውን ፒኖ ግሪጆ የሚያመርቱት። ከነጩ ሻርዶኔና ኖዚዮላ፣ ከቀዩ ቴሮልዴጎና ማርዜሚኖ አላቸው። አረፋማውን ወይን ደግሞ አልተማዚ በሚል ስም ይሸጡታል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ አንድ ሄክታር ያለው ሰው ዓመታት የሚያስጠብቅ ውድ ወይን እንዴት መሥራት ቻለ?

ቄሱ የከፈቱት ሱቅ

ታሪኩ የሚጀምረው ከወይን ሳይሆን ከድህነት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትሬንቲኖ የጣሊያን ሳይሆን የኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛት ነበረች። የሐር ትሉንም የወይን ተክሉንም በሽታ መታው። በ1882 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከባድ ጎርፍ ሸለቆዎቹን አጥለቀለቀ። ሰው ቤቱን እየዘጋ ወደ ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ተሰደደ።

በዚህ መሃል ብሌጆ በሚባል ተራራማ ቦታ ያገለግሉ የነበሩት ቄስ፣ አባ ሎሬንዞ ጉዌቲ፣ በ1890 እ.ኤ.አ. ከምዕመናቸው ጋር የኅብረት ሥራ ሱቅ ከፈቱ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገበሬው ጨውና ዘሩን በዱቤ ከነጋዴ ከሚገዛ፣ ተደራጅቶ በጅምላ ይግዛ። ከ2 ዓመት በኋላ ደግሞ የገጠር ብድርና ቁጠባ ተቋም ተከተለ። ቄሱ በ1898 እ.ኤ.አ. ቢሞቱም ሱቁና ባንኩ በየሸለቆው ተባዙ። ወይን ገበሬዎቹም መንገዱን ያዙት፤ ለምሳሌ ዛሬም ትልቅ የሆነው የሜዛኮሮና ማኅበር የተቋቋመው በ1904 እ.ኤ.አ. ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስታውሱልኝ። ሳን ሚኬሌ በሚባለው ቦታ ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግብርና ትምህርትና ምርምር ተቋም ነበረ። ማኅበራቱ ሲመጡ የወይን በሽታን የሚያጠናና የገበሬ ልጅን የሚያሠለጥን ቤት ቀድሞ ቆሟል ማለት ነው። ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ ባንክ፣ ከዚያ መጭመቂያ፦ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

ጠብቁኝ የማይል ፍሬ

ወይን ፍሬ ክፉ ጠባይ አለው። ዓመቱን ሙሉ ለፍተህበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይደርሳል። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ወደ መጭመቂያ ካልገባ ባልተፈለገ መንገድ መፍላት ይጀምራል። ጤፍ ዋጋ እስኪወጣ ጎተራ ይገባል። ወይን ጎተራ የለውም።

አሁን ራሳችሁን በገበሬው ቦታ አድርጉት። ጋሪ ሙሉ ወይን ይዘህ ቆመሃል፣ ፀሐዩ እየጠነከረ ነው፣ በአካባቢው ያለው መጭመቂያ የአንድ ነጋዴ ብቻ ነው። ነጋዴው መቸኮል የለበትም። ምሳውን በልቶ መምጣት ይችላል። በየሰዓቱ ዋጋ የሚቀንሰው ያንተ ፍሬ ነው። ክፍል ውስጥ ‹‹የመደራደር አቅም›› ብለው የሚያስተምሩን ይኸው ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበር የመጀመሪያ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። መጭመቂያው የገበሬዎቹ የራሳቸው ከሆነ ‹‹ነገ ና›› የሚላቸው የለም። አሠራራቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የየአካባቢው ማኅበር ከአባላቱ ፍሬውን ይረከባል፣ ይጨምቃል፣ ወይን ያደርገዋል። ካቪት ደግሞ ከማኅበራቱ በላይ ሆኖ ያደባልቃል፣ ያስረጃል፣ ያሽጋል፣ ይሸጣል። በእኛ አጠራር ታችኞቹ መሠረታዊ ማኅበራት፣ ካቪት ደግሞ ዩኒየን ነው።

ስኳሩን ማን ለካው?

‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› የምትለዋን ተረት የኅብረት ሥራ ስብሰባ ላይ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጥሩ ተረት ናት። ግን ስለ በሰበሰው ድር የምትለው ነገር የለም። 100 ሰው ፍሬውን አንድ ጋን ውስጥ ሲጨምር፣ ከመካከላቸው አንዱ ውሃ የበዛበት ወይም ያልበሰለ ፍሬ ቢያመጣ ማን ያውቃል? ሁሉም በኪሎ እኩል የሚከፈለው ከሆነ፣ ማሳውን ከልብ የተንከባከበው ሰው በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይደክማል? ኢኮኖሚስቶች በሌላው ላብ የሚሄደውን ሰው ‹‹ነጻ ተሳፋሪ›› ይሉታል። ማኅበርን ቶሎ የሚገድል ነገር ቢኖር ይህ ነው።

አጎቴን ስልክ ደውዬ ስለዚሁ ጠየቅኳቸው።

‹‹ጋሼ፣ ማኅበሩ ቀይ እሸቱንና ያልበሰለውን ለይቶ ነው የሚከፍላችሁ?››

ሳቁ። ‹‹የኔ ልጅ፣ እኛ ጋ ኪሎ ኪሎ ነው። ሚዛኑ ቀለም አያውቅም።››

‹‹ታዲያ ምርጥ ምርጡን ለማን ይሰጣሉ?››

‹‹በዚያ ሳምንት ደህና ለከፈለኝ ነዋ! የተረፈውን ለማኅበር።››

አጎቴ ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። የተሰጣቸውን ዋጋ አይተው የሚያዋጣቸውን አደረጉ። ጠዋት ነጋዴ በተሻለ ብር ቀዩን ይወስዳል፣ ከሰዓት ማኅበሩ የቀረውን ይረከባል። ከዚያ የማኅበሩ ቡና ጥራት ይወርዳል፣ ዋጋው ይወርዳል፣ የአባላት ፍቅርም አብሮ ይወርዳል። በቀይ እሸት ብቻ የሚቀበሉ፣ መልቀም ላይ የማይደራደሩ ማኅበራት እዚህም እንዳሉ አውቃለሁ። የአጎቴ ግን ከእነሱ አይደለም።

ትሬንቲኖዎች ይህን ችግር በስብከት አልፈቱትም። በመለኪያ ነው የፈቱት። ሪፍራክቶሜትር የምትባል በእጅ የምትያዝ መሣሪያ አለች። የፍሬውን ጭማቂ ጠብ ታደርግባታለህ፣ ወደ ብርሃን አዙረህ በዓይንህ ታያለህ፣ የስኳሩን መጠን በቁጥር ትነግርሃለች። ፍሬው ከሌላ ገበሬ ፍሬ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት ይመዘናል፣ ስኳሩ ይለካል፣ ዝርያው ይመዘገባል። ክፍያው ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ወይኑ ጋን ውስጥ ይደባለቃል፤ ሒሳቡ ግን አይደባለቅም።

ሁለተኛው ደንብ ጠንከር ይላል። በጣሊያን የወይን ማኅበራት በተለመደው አሠራር አባል የሆነ ሰው ምርቱን ሙሉ በሙሉ ለማኅበሩ ማስረከብ አለበት። ምርጡን ለነጋዴ፣ የተረፈውን ለማኅበር የሚባል ነገር የለም። ገበያው ሲሞቅ መውጣት፣ ሲቀዘቅዝ መመለስም የለም።

ሦስተኛው በእናንተ እጅ ካለው ዕቃ ጋር ይዛመዳል። ካቪት ከሳን ሚኬሌው የምርምር ተቋምና ከሌሎች ጋር ሆኖ ፒካ የሚባል ሥርዓት ሠርቷል። የአባላቱን ማሳ በዲጂታል ካርታ ይዟል። አፈሩን፣ ከፍታውንና አየሩን አገናዝቦ ገበሬው መቼ ውሃ ማጠጣት፣ መቼ መድኃኒት መርጨት እንዳለበት ምክር ይሰጣል። ባለ አንድ ሄክታር ገበሬ ብቻውን የአፈር ባለሙያ መቅጠር አይችልም፤ 5 ሺህ ሲሆኑ ግን ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ትንሽ ነው።

በአተላው ላይ የተኛው ገንዘብ

አሁን ወደ አረፋው። ማንኛውም ጠላ ወይም ጠጅ የጠመቀች እናት ነገሩ ይገባታል። እርሾ ስኳር ይበላል፣ አልኮልና ጋዝ ያወጣል። አረፋ የሌለው ወይን ሲሠራ ጋዙ ወደ አየር ይሄዳል። አረፋማው ላይ ግን ጋዙን ማሰር ነው ዘዴው።

ፍሬው ለአረፋማ ወይን ሲሆን ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ኮምጠጥ እንዳለ ይለቀማል። መጀመሪያ ተራ ነጭ ወይን ይሆናል። ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ጥቂት ስኳርና እርሾ ይጨመርበትና ልክ እንደ ቢራ በቆርኪ ይታሸጋል። እዚያው ጠርሙሱ ውስጥ ሁለተኛ ጊዜ ይፈላል። ጋዙ መውጫ ስለሌለው ወይኑ ውስጥ ይሟሟል። ግፊቱ እስከ 6 አትሞስፌር ይደርሳል፤ ከመኪና ጎማ ከ2 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጠርሙሱ ወፍራም የሆነው ለዚህ ነው።

እርሾው ሥራውን ጨርሶ ሲሞት ከታች አተላ ሆኖ ይቀመጣል። እኛ ለከብት የምንሰጠው አተላ እዚያ ወርቅ ነው። ወይኑ አተላው ላይ በተኛ ቁጥር የዳቦ ዳቦ የሚል ሽታና ለስላሳነት ይይዛል። በትሬንቶ ዶክ ደንብ ተራው ቢያንስ 15 ወር፣ የአንድ ዓመት ምርት ብቻ የሆነው 24 ወር፣ ሪዘርቫ የሚባለው ደግሞ 36 ወር አተላው ላይ መቆየት አለበት። የአልተማዚ ከፍተኛው ወይን ግራል የሪዘርቫ ወገን ነው። በመጨረሻ ጠርሙሱ ቀስ በቀስ በአፉ ይዘቀዘቃል፣ አተላው አንገቱ ላይ ይሰበሰባል፣ አንገቱ ይቀዘቅዛል፣ ቆርኪው ሲከፈት በረዶ የሆነው አተላ በራሱ ግፊት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ከዚያ ቡሽና ሽቦ።

ይህን ዘዴ ከሻምፓኝ ወደ ትሬንቶ ያመጣው ጁሊዮ ፌራሪ የሚባል ሰው ነው፤ በ1902 እ.ኤ.አ. በራሱ ስም ድርጅት አቋቁሞ ጀመረ። እሱ ግለሰብ እንጂ ማኅበር አልነበረም። ማኅበራቱ የመጡት በኋላ ነው። ትሬንቶ ዶክ የሚለው የተጠበቀ ስም የጸናው ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ኢኮኖሚክሱን ተመልከቱ። 36 ወር ማለት 3 ዓመት ነው። ፍሬው ተለቅሟል፣ የለቃሚው ተከፍሏል፣ ጠርሙሱ ተገዝቷል፣ ሁሉም ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ ተኝቷል። ሳንቲም የለም። ገበሬው ግን የልጅ ትምህርት ቤት አለበት። ባለ አንድ ሄክታር ሰው ብቻውን ይህን ቢሞክር ከ36 ወሩ በፊት ማሳውን ይሸጣል።

ማኅበር ግን ሁለቱንም ዓይነት ወይን ይሠራል። ፒኖ ግሪጆ በመከር ተጨምቆ በሚቀጥለው ዓመት ገበያ ላይ ነው። ቶሎ ይሸጣል፣ ትርፉ በጠርሙስ ትንሽ ቢሆንም ብሩ ይሽከረከራል። ለእኔ የታየኝ እንዲህ ነው፦ አረፋ የሌለው ወይን የዛሬን ወጪ ይሸፍናል፣ አረፋማው የነገን ዋጋ ይሠራል። አንዱ ባይኖር ሌላው አይቆምም። ገበሬውም ቢሆን ክፍያው በአንዴ አይመጣለትም። መጀመሪያ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ቀሪው ወይኑ ሲሸጥ በየጊዜው ይደርሰዋል። መጠበቅ የሚችለው ማኅበሩ ቀሪውን እንደሚከፍል ስለሚያምን ነው። እምነቱን ያመጣው ደግሞ ያ የስኳር ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝ ነው። የመዘነውን፣ የተለካለትን፣ የተጻፈለትን ያውቃል።

አጎቴ ‹‹ሁለተኛ ክፍያ›› ሲባል ፊታቸው የሚቀየረው ገንዘቡ ስለዘገየ ብቻ አይመስለኝም። ስንት እንደሚሆን የሚያሰሉበት ነገር እጃቸው ላይ የለም።

የወደቀም አለ

ነገሩን ገነት አስመስዬ መተው አልፈልግም። እዚያው ትሬንቲኖ ውስጥ ላ-ቪስ የሚባል የታወቀ የወይን ማኅበር ነበር። ከራሱ ሸለቆ ወጥቶ ቱስካኒ ድረስ የወይን እርሻ ገዛ። ዕዳው ከበደው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከውጭ በተሾመ ኮሚሽነር እጅ ወደቀ። ያ ዕዳ የማን ነበር? ፍሬ የሚያስረክቡት ገበሬዎች። የማኅበር ባለቤት መሆን ትርፍ ሲመጣ ብቻ አይደለም።

ሌላው አየሩ ነው። ሙቀት ሲጨምር ፍሬው ቶሎ ይበስላል፣ አረፋማ ወይን የሚፈልገው ኮምጣጣነት ይጠፋል። ስለዚህ ተክሉ ወደ ተራራው ከፍ እያለ ነው፤ የትሬንቶ ዶክ ማሳዎች እስከ 900 ሜትር ከፍታ ድረስ ይገኛሉ። ተራራ ላይ ደግሞ ማሽን አይወጣም። የእጅ ሥራ ነው። የገበሬው ልጅ ከተማ ገብቶ ቢሮ መሥራት እየቻለ ዳገት ላይ ወይን መቁረጥ ይፈልጋል ወይ? ይህ ጥያቄ ሲዳማም ትሬንቲኖም ያው ነው።

እኛስ?

እኛ ሀገር ‹‹ኅብረት ሥራ›› የሚለው ቃል ጠባሳ አለው። ደርግ ገበሬውን በአምራቾች ማኅበር አስገብቶ መሬቱንና በሬውን አቀላቀለው። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹን አፍርሶ ወደየማሳው ተመለሰ። የትሬንቲኖው ገበሬ ማሳውን ለማንም አልሰጠም። አንድ ላይ ያደረገው ብቻውን የማይችለውን ብቻ ነው፦ መጭመቂያውን፣ ምድር ቤቱን፣ ገበያውን። ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት ማኅበራት ወደዚህኛው ይቀርባሉ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ዓ.ም. በ34 መሠረታዊ ማኅበራት ተነስቶ የገበሬውን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ ላከ። ስለዚህ ሊሆን የማይችል ነገር እያወራሁ አይደለም።

ወይኑን በተመለከተ ግን መንገዳችን ሌላ ነው። በባቱ (ዝዋይ) አካባቢ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ የራሱን የወይን እርሻ አልምቶ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን በ2014 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቧል። እዚያ ማሳው የኩባንያው ነው፣ ሠራተኛው ደመወዝተኛ ነው። ይህም አንድ መንገድ ነው፤ ሥራ ፈጥሯል፣ ሙያ አምጥቷል። ‹‹ብሩ ማን ኪስ ይገባል?›› ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ከካቪት የተለየ ነው።

እናንተ ገበሬ ላትሆኑ ትችላላችሁ። ‹‹ተደራጁ›› መባላችሁ ግን አይቀርም። ዶሮ ርባታ ይሁን ብሎኬት፣ ሶፍትዌር ይሁን ዳቦ ቤት፣ ስም ተመዝግቦ፣ ቃለ ጉባዔ ተጽፎ፣ ማኅተም ይቀረጻል። የማውቃቸው ልጆች 5 ሆነው ተደራጅተው በ8 ወር ተበትነዋል። ሲጣሉ አንዱ ‹‹እኔ ሌሊት ስሠራ አንተ ተኝተህ እኩል ወሰድክ›› ነበር ያለው። ለሌሊቱ ሥራ ሪፍራክቶሜትር አልነበራቸውም።

ስለዚህ ማኅተሙ ከመቀረጹ በፊት ሦስት ነገር ተስማምታችሁ ጻፉ። የእያንዳንዱ ሰው አስተዋፅኦ ከሌላው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በምን ይለካል? ውጭ የተሻለ ዋጋ ሲመጣ አባል ምን ማድረግ ይችላል፣ ምንስ አይችልም? ገንዘቡ እስኪመጣ ድረስ የምንበላው ከየት ነው፣ ማለትም የእኛ ፒኖ ግሪጆ የትኛው ሥራ ነው? ለሦስቱም መልስ ከሌላችሁ ፊርማችሁን ትንሽ አቆዩት።